ከማዶ የሚታየው ጭስ

አንድ ብረት አቅላጭ ነበረ።

ቆይ ወይንሸት፣ አትቸኩይ። ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ። ከፋብሪካው ስብሰባ ወጥተሽ ቀጥታ ወደ እኔ ወደ ጡረተኛው መምጣትሽ ራሱ ብዙ ነገር ነግሮኛል። ስብርባሪ ብረት እየሰበሰብን እንደገና እናቅልጥ፣ የድንጋይ ከሰሉን እንቀንስ፣ ጭሳችን ይቅለል ብለሽ ተናገርሽ። እነሱ ደግሞ «ሌላው ፋብሪካ ሁሉ እያጨሰ እኛ ብቻችንን ብንተው የማን ሰማይ ሊጠራ ነው?» ብለው ሳቁብሽ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ከጎንሽ የቆመ አልነበረም። አሁን «ጋሽ ከፍያለው፣ ብቻዬን ነኝ፤ ልተወው ወይ?» ትይኛለሽ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ምድጃ ፊት ቆሜ ዓይኔን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ የተማርሽውን አላውቅም። ይህን ብረት አቅላጭ ግን አውቀዋለሁ። አረፍ በይና ስሚኝ።

ብረት አቅላጩ የሚኖረው ቀይ ኮረብታ ላይ ነበር። የኮረብታው ድንጋይ ብረት ያዘለ ነው። ጎኑ በወይራና በጥድ የተሸፈነ፣ ከሥሩ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ከምንጩ በታች ደግሞ አርባ ያህል ጎጆ ያለበት መንደር ነበር። በዚያ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ከሰው ራቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ሰው ዓይኑን ይፈራዋል፤ ሠርግ ቢጠሩት እንኳ ዳር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ማረሻ ሲሰበር ግን ወዴት ይኬዳል? ወደ እሱ ነዋ!

አንድ ወግም ነበራቸው። የተሰበረ ብረት ይዞ የመጣ ሰው ወናፉን ራሱ ይነፋል። አቅላጩ ብረቱን በጉጠት ይዞ እሳቱ ፊት ይቀመጣል፤ ገበሬው ከጎኑ ሆኖ ወናፉን እየነፋ እሳቱን ያነድዳል። ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጦ ዝም ማለት አይችልም መቼም። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ በሬው ያወራሉ፣ ገበሬው አማቱን ሲያማ አቅላጩ ይስቃል። የእርሻ ወራት ሲቃረብ ሰዉ ስብርባሪውን ታቅፎ ተራ ይጠብቃል፤ የአቅላጩ ሚስትም ቆሎ እየቆላች ለሁሉም ታቀርባለች። ሰውዬው እንደ ሰው ከሰው ጋር የሚውለው ያን ጊዜ ነበር። ደስ ይለው ነበር።

የተሰበረውን ለማደስ አንድ ቅርጫት ከሰል ይበቃዋል። ከድንጋይ አዲስ ብረት ለማውጣት ግን አሥራ ሁለት ቅርጫት ይፈጃል። ድንጋዩ ተቆፍሮ፣ ተወቅጦ፣ ከከሰል ጋር እየተደራረበ በሸክላ ምድጃ ሲነድ ጭሱ ፀሐይዋን ይጋርዳታል። ስለዚህ ይህን የሚያደርገው በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነበር።

አንድ ጊዜ የወረፋው ሰው በዛበትና ቸኮለ። የአንድ ሀብታም ገበሬ ማረሻ ለሁለት ተሰብሮ መጥቶለት፣ ቁራጮቹ በደንብ ሳይግሉ አጋጥሞ ቀጥቅጦ ሰጠው። ማረሻው የመጀመሪያውን ትልም ሳይጨርስ ተሰበረ። ሀብታሙ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም። በገበያ ቀን ሁለቱን ቁራጮች ከፍ አድርጎ ያዘና «እዩልኝ! ሬሳ ከሬሳ ሰፍቶ ሰጠኝ!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አቅላጩ ጨው ሊገዛ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ በአንዴ ከሰለ።

እስቲ አሁን «ቸኩዬ ነው ወንድሜ፤ አምጣው ልድገመው» ቢል ምን ነበረበት? እንዲህ ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ሰው ሲስቅበት አእምሮውን ጥሎ ይሄዳል። «ከዛሬ ጀምሮ የሞተ ብረት እጄ አይነካም!» ብሎ ጮኸ። «አዲስ የፈለገ ይምጣ። የሞተውን ውሰዱና ቅበሩት!»

ሰዉም የአቅላጩን አፍ ይፈራ የለ? እውነት ይሆናል ብሎ ያዘው። በዓመቱ የተሰበረ ብረት ቤት ውስጥ ማሳደር ነውር ሆነ። ማረሻም ይሁን ማጭድ ሲሰበር ከኮረብታው ጀርባ ያለ ገደል ድረስ ይወሰድና ይወረወራል፤ የወረወረው ሰውም ዞሮ ሳያይ ይመለሳል። ልጆች የገደሉን አፍ እንዳይጠጉ ይከለከላሉ። ከአንድ ሰው የአንድ ቀን ንዴት የአገር ሙሉ ወግ ወጣ እልሻለሁ!

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለአቅላጩ ተስማማው። አዲስ ብረት ብቻ የሚሠራ ተባለ። ሦስት ወንዝ ተሻግረው ከእሱ ማረሻ ሊወስዱ ይመጡ ጀመር። ልቡ አበጠ። ምድጃውንም አስረዘመው። ሲሠራ የማይታይበት ቀን ጠፋ፤ ወይራውን ይቆርጣል፣ ያከስላል፣ ያቀልጣል። ወናፉን የሚነፋለት ገበሬ ግን የለም፤ አዲስ ሊወስድ የሚመጣ ሰው የሚቀመጥበት ምክንያት ምን አለው? በነጠላው አፍንጫውን ሸፍኖ ይመጣል፣ ማረሻውን ይይዛል፣ ይሄዳል። ወናፉ ለሚስቱ ቀረላት። ከማለዳ እስከ ማታ ጭሱ መሀል ቁጭ ብላ ትነፋለች። በሁለተኛው ዓመት ሳል ጀመራት። በአራተኛው ዓመት ሳሏ ከመዶሻው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር።

ጥዱ ሳሳ። ወይራውም ተከተለ። ጥላው ሲሄድ ምንጩ ቀጠነ፤ ከበጋ በጋ እየቀጠነ ሴቶቹ አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይጠብቁ ጀመር። ከዚያ አንድ ቤተሰብ ጓዙን ጭኖ ወጣ። ቀጥሎ ሦስት ወጡ። አቅላጩ ከላይ ሆኖ ጎጆዎቹን ያያል፤ ጭስ የማይወጣባቸው ጣሪያዎች እየበዙ ሲሄዱ ሆዱን ይከፋዋል። ግን አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

ደግሞ ማምለጫ ነበረችው። ከሸለቆው ማዶ፣ ሌላው ኮረብታ ላይ፣ ኖራ የሚያቃጥሉ ሰዎች ነበሩ። የእነሱም ጭስ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሚስቱ «ኧረ ተው፣ ዛፉ አለቀ፣ እኔም አለቅሁ። የተሰበረውን ብትሠራ ምን አለበት?» ስትለው በጣቱ ወደዚያ ያሳያታል። «ያንን አታዪም? እነሱ እንዲያ እያጨሱ እኔ ብቻዬን ብተው ምን ሊለወጥ ነው?» ይላታል። እንዲህ ሲል ልቡ ቀለል ይለዋል። እውነትም ይመስለዋል እኮ! እውነት የሚመስል ነገር ደግሞ ከውሸት የባሰ ነው የሚያሳስተው።

አንድ ማለዳ ሚስቱ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» አለችው። «እዚያ ትንፋሽ አለ።»

ልመና ልመና አለው፤ ግን የወጣለት ያው የለመደው ነገር ሆነ። «ማዶ ያሉት ቢተዉ እኮ እኔም እተው ነበር» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «እኔ ያገባሁት ማዶ ያሉትን አይደለም» አለችና ቁልቁለቱን ያዘች። እያሳለች ስትወርድ ድምፅዋ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ሰማት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገርሽ። ብቸኝነት ገደለው። የወናፉን እጀታ በገመድ አስሮ ገመዱን ከእግሩ ጋር አያያዘው፤ በእግሩ እየነፋ በእጁ ይቀጠቅጣል። ለሁለት ሰው የተሠራ ሥራ አንድ ሰው ሲሠራው ያስጠላል። ቆሎውን ለራሱ ይቆላል፤ ግማሹ ያርርበታል፤ ያረረውንም ይበላዋል። አንዳንዴ ራሱን «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ሲል ይሰማና ይደነግጣል፤ ለካ ለቀናት ድምፅ አውጥቶ አልተናገረም። የሠራቸው አዳዲስ ማረሻዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ዝገት ይለብሱ ጀመር። መንደሩ ውስጥ የቀሩት አራት ቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ ሁለት ሆኑ፤ በመጨረሻም አንዲት መበለት በግዋን እየጎተተች ወጣች፤ ወደ ኮረብታው እንኳ ዞራ አላየችም። እሱ እጁን አንሥቶ ሊሰናበታት ፈልጎ ነበር። ተወው።

ለአንድ ምድጃ የሚበቃ እንጨት ኮረብታው ላይ ጠፋ። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ማዶውን ነበር። የኖራ አቃጣዮቹን ጭስ ሲያይ «አሉ» ይላል። አሁን በዓለም ላይ የቀሩት ጓደኞቹ እነዚያ ሲያሳብብባቸው የኖሩት ሰዎች ሆኑ፤ አይገርምሽም?

አንድ ጠዋት ተነሥቶ ቢያይ ጭሱ የለም። በማግስቱም የለም። ደስ ሊለው ሲገባ ፍርሃት ያዘው። በሦስተኛው ቀን በትሩን ይዞ ወደ ማዶ ወረደ። ሸለቆውን ተሻግሮ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ኮረብታው ከራሱ ኮረብታ አይለይም፤ ራቁቱን ነው፤ ቀዩ ነጭ ከመሆኑ በቀር። ቀዝቃዛ የኖራ ምድጃ አፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሌላ ሰው የለም።

ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ አየውና «የብረቱ ሰውዬ ነህ?» አለው። «ጭስህ ሰሞኑን ባይታየኝ የሞትክ መስሎኝ አዝኜ ነበር።»

አቅላጩ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሰው ካገኘ ሰንብቷል መሰለኝ ማውራቱን አላቆመም። «ልጆቼ ‹አባባ ይብቃን፣ ዛፉ አለቀ፣ ሕፃናቱ ያስላሉ› ሲሉኝ በጣቴ ወደ አንተ ኮረብታ አሳያቸው ነበር» አለ። «‹ያ ሰውዬ እንዲያ እያጨሰ እኛ ብንተው ምን ሊለወጥ ነው?› እላቸው ነበር። ሰምተው ሰምተው ጥለውኝ ሄዱ። እውነቱን ልንገርህ? ያኔ ዛፉ ሳያልቅ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ጭስህ ሳይታየኝ ቢቀር ኖሮ በማግስቱ እተው ነበር። በየጠዋቱ አንተን ነበር የማየው።»

አቅላጩ ክው አለ። የራሱን ቃል፣ በራሱ አነጋገር፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰማው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱም በየኮረብታቸው ቆመው አንዱ የሌላውን መተው ሲጠብቅ ኖሯል። ምን ይባላል እንዲህ ያለው? አቅላጩ ሊሄድ ሲነሣ ሽማግሌው «ያቺን ውሰዳት» አለው፤ ከምድጃው ጎን አንዲት ቅርጫት ከሰል ነበረች። «ለእኔ ምንም አትሠራልኝም። አብሬህ እንዳልመጣ እግሬ እምቢ ብሏል።»

አንድ ቅርጫት! ከድንጋይ ብረት ለማውጣት አንድ ቅርጫት ምን ይሆናል? ይህን እያሰበ ቤቱ ደረሰ፤ ይህን እያሰበ ምድጃው ፊት ቆመ። ከዚያ ቅርጫቱን አስቀመጠና በኮረብታው ጀርባ ዞሮ ወደ ገደሉ ሄደ።

ከገደሉ አፍ ሲደርስ ግን ቆመ። ፈራ። ያንን ወግ የፈጠረው ራሱ ነው፤ ገበያ ላይ ተናዶ የጮኸው ቃል ነው፤ ያ ቃል ግን ሃያ ዓመት ኖሮ አርጅቶ እሱኑ ሊያስፈራራው ቆየው። ቢያንስ አንድ ሰው ከኋላው ሆኖ «ግዴለም ውረድ» ቢለው ብሎ ተመኘ፤ ማን ይኖራል? ማንም። የዛፍ ሥር ሥሩን እየያዘ ብቻውን ወረደ።

የአንድ አገር ብረት እዚያ ተከምሯል። ዶማ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ የማረሻ ቁራጭ። እያነሣ ሲያየው የራሱን የመዶሻ ምት ያውቀዋል፤ ይኼ የእገሌ ነበር፣ ይኼ ያ አማቱን የሚያማው ገበሬ የነበረው ነው እያለ ባለቤቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰ። ዝገቱን በድንጋይ ፋቀው። ከሥሩ ያለው ብረት ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም። የሞተ የሚባል ብረት አልነበረም። ገደሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የቻለውን ያህል ተሸክሞ ወጣ። ገመዱን ከእግሩ አያይዞ እሳቱን አነደደ። በዚህኛው ጊዜ አልቸኮለም። ቁራጮቹ ነጭ እስኪሆኑ ጠበቀ፣ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋድሞ በመዶሻው አንድ አደረጋቸው፣ መልሶ አጋለ፣ ደገመ። ጭሱ ከጣሪያው ከፍ ሳይል በነፋስ ተበተነ። ሥራው ሲያልቅ ከቅርጫቱ ሥር እፍኝ ከሰል ተርፎ ነበር፤ ማረሻውን በድንጋይ ላይ ደጋግሞ መታው፣ አልተሰበረም።

ማረሻውን በትከሻው ተሸክሞ የሁለት ቀን መንገድ ተጓዘ። የሚስቱ ወንድም አገር አረንጓዴ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እህል ስትለቅም አገኛት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሳሉ ግን ትቷታል። ምን እንደሚላት በመንገዱ ሁሉ ሲያሰላስል መጥቶ ማረሻውን ብቻ ከጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

በእጇ አገላበጠችው። የባለሙያ ሚስት ናት፤ ከምን እንደተሠራ ወዲያው ገባት።

«ስንት ቅርጫት ፈጀ?» አለችው።

«አንድ።»

ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ያን ጊዜም እኮ አንድ ይበቃ ነበር» አለች።

ውኃ አቀረበችለት፣ ራቱን አበላችው፣ መደብ አነጠፈችለት። በማግስቱ ተነሥቶ «ነይ እንሂድ» ሊላት ዞረ፤ ግን ወዴት? ውኃ ወደሌለበት? ጥላ ወደሌለበት? ቃሉን ዋጠው። እሷም አብራው አልተመለሰችም። ወንድሟ በማረሻው አረሰ፤ ጎረቤቶቹም አይተው ስብርባሪያቸውን ላኩ ይባላል፤ አንዳንዱ ወናፉን ልንፋልህ ብሎ ኮረብታው ድረስ ሄዷል ይባላል። ይሁን። ወይራ ግን ሰው እስኪያረጅ ድረስ ነው የሚያድገው፤ ሰውዬው ደግሞ አርጅቶ ነበር። ቀሪ ዘመኑን የኖረው እዚያው ራቁት ኮረብታ ላይ ነው።

እንግዲህ ወይንሸት ልጄ፣ ወዳንቺ እንምጣ። ዓይንሽን ከመሬት አንሺና እይኝ። ብቻዬን ነኝ ብለሽኛል። አዎ፣ ነሽ። አልዋሽሽም፤ ነገም ብቻሽን ትሆኚ ይሆናል። ግን ብቻ መሆን ሁሉ አንድ አይደለም። ያ ሰውዬ ገደሉ አፍ ላይ ብቻውን የቆመው ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ነው፤ አንቺ ብቻሽን የቆምሽው ሰው ሁሉ ገና ሳይሄድ ነው። የእሱን ብቸኝነት ማንም ሊያድነው አልቻለም። ያንቺን አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔም» ቢል ያበቃል።

ገደሉም ሩቅ አይደለም። ከፋብሪካችሁ አጥር ጀርባ የተከመረው የዝገት ተራራ፣ የአሮጌ አውቶቡስ ጎኑ፣ የፌሮ ቁርጥራጩ፣ እሱ ነው። ሰዎቹ «ውራጅ» እያሉ የሚጸየፉት እሱን ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ቸኩሎ ከውራጁ ከልኩ የቀጠነ ፌሮ አወጣና ስማችን ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ወግ አደረጉት። እኔ ነበርኩ የቸኮልኩት። አዎ እኔ፤ ዝም ብለሽ ስሚ። ያን ቀን «ልድገመው» ማለት አፍሬ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። እኔን የእናንተ ስብሰባ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ የማዶው ነው። እዚያ ወንዝ ማዶ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ዛሬ አንዷ እንዳንቺ ተነሥታ ተናግራ ይሆናል። አለቆቿ በመስኮት የእናንተን ጭስ ማውጫ በጣታቸው እያሳዩ ስቀውባት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ቤቷ ገብታ ይሆናል። አታውቂያትም፣ አታውቅሽም። ነገር ግን ነገ ጠዋት ተነሥታ መጀመሪያ የምታየው የእናንተን ሰማይ ነው።